የሦስት ወር ክልከላ፦ ከሳንባ ቀዶ ሕክምና በኋላ የአንዲት የድሬ ነጋዴ ኑሮ

እቴቴ አንድ ዓረፍተ ነገር የምትጨርሰው በሦስት ክፍያ ነበር። "ይሄ ጨርቅ..." ትልና ትቆማለች። አየር ትስባለች። "...ከዱባይ የመጣ..." እንደገና ትቆማለች። ዋጋው ላይ ስትደርስ ደንበኛዋ ጎን ካለው ሱቅ ገብታ ጨርቅ እያስለካች ነው።

ሱቋ ድሬዳዋ ነው፣ መጋላ በሚባለው ሰፈር፣ ቀፊራ ገበያ ውስጥ። ቀፊራ ላይ ዕቃ የሚሸጠው አፍ ነው። ነጋዴው ይጠራል፣ ይቀልዳል፣ በአማርኛ ጀምሮ በኦሮምኛ ይቀጥላል፣ ሲያስፈልግ በሶማልኛ ይዘጋዋል። ትንፋሽ ያጠረው ሰው እዚያ ገበያ ውስጥ ዕቃ ይዞም ሥራ ፈት ነው።

እቴቴ ስሟ አይደለም። ሰፈሩ የሚጠራት እንደዚያ ስለሆነ እኔም በዚሁ ልቀጥል። ማንነቷን የሚያሳውቁ አንዳንድ ነገሮችን ቀይሬያለሁ፤ የቀረውን እንድጽፍ ፈቅዳለች። በዕድሜ እየበለጠችኝ "አንቺ" የምላት ደግሞ ንቀት እንዳይመስል። ድሬ ላይ አንቱታ የለም። እናቴንም አንቺ ነው የምላት። 43 ዓመቷ ነው፣ የሁለት ልጆች እናት ናት። እኔ ነርስ ነኝ፣ የግቢ ጎረቤቷም ነኝ። ሁለቱ ነገሮች መቀላቀላቸው ጥቅም ነበረው፤ ጉዳትም ነበረው። ጉዳቱን እደርስበታለሁ።

ነገሩ የጀመረው በባጃጅ ነው። ባጃጁ ተገልብጦ ግራ እግሯ ከጉልበቷ በታች ተሰበረ። መጀመሪያ ወጌሻ ጋ ሄደች፣ ቀጥሎ ሆስፒታል፣ ከዚያ ጄሶ። ስድስት ሳምንት ተኛች። ጄሶው ሲወጣ እግሯ አብጦ ነበር፤ "ጄሶ ሲወጣ እንዲህ ነው" ተባለ። ከሁለት ሳምንት በኋላ አንድ ጠዋት ደረቷን ወጋት፣ ትንፋሽ አጠራት። የሳንባ ምች ተብላ መርፌ ተወጋች። ሻል አላት፤ እንደ ድሮዋ ግን አልሆነችም። ቀጥሎ አስም ተባለ። አንድ ዓመት ከሁለት ወር ሙሉ ፓፍ ስትነፋ ከረመች።

ይሄን የምጽፈው ማንንም ለመክሰስ አይደለም። በሽታው መደበቅ ያውቅበታል። ሳንባዋ በማዳመጫ ሲሰማ ንጹሕ ነው። ራጅዋም ብዙ የሚያስደነግጥ ነገር አልነበረውም። የክንዷ የደም ግፊት ደግሞ ከእኔ የተሻለ ነበር። ይሄ የመጨረሻው ነገር በኋላም ሲያደናግር ኖሯል። "የሳንባ የደም ቧንቧ ግፊት" ተብሎ ሲታወቅ ሰፈሩ የሰማው "ግፊት" የምትለዋን ቃል ብቻ ነው። ነጭ ሽንኩርት መጣ። አጎቷ የራሱን የግፊት ኪኒን ሊያካፍላት ይዞ መጣ። በክንድ የሚለካው ግፊትና ይሄኛው ግን ሌላና ሌላ ናቸው። ይሄኛው የልብ ቀኝ ጎን ደሙን ወደ ሳንባ በሚገፋባቸው ቧንቧዎች ውስጥ ያለ ግፊት ነው።

የእሷ መነሻ የእግር ደም ሥር ውስጥ የረጋ ደም ነበር። ከዚያ ተነቅሎ በልብ በኩል አልፎ ሳንባ ውስጥ ተሰነቀረ። አብዛኛው ሰው ላይ የረጋው ደም በማቅጠኛ መድኃኒት እየታገዘ በጊዜ ይሟሟል። ጥቂቶች ላይ ግን ሳይሟሟ ይቀርና ጠባሳ ሆኖ የቧንቧው ግድግዳ ላይ ይለጠፋል። ቀፊራን በበዓል ዋዜማ አስቡት። መግቢያዎቹ ግማሽ በግማሽ ተዘግተው ሰዉ ግን ያው ነው፤ የቀሩት በሮች ላይ ግፊያው ምን ሊመስል ነው? የቀኝ ልብ እዚያ ግፊያ ውስጥ ቀንና ሌሊት ትሠራለች። መጀመሪያ ትወፍራለች፣ ቀጥላ ትሰፋለች፣ በመጨረሻ ትደክማለች። ያኔ እግር ያብጣል፣ ሆድ ይነፋል።

አንድ ሐኪም ኢኮ (የልብ አልትራሳውንድ) አነሳትና የልቧ ቀኝ ጎን መስፋቱን አየ። ወደ አዲስ አበባ ላኳት። እዚያ ደግሞ ባሰባት። "የአዲስ አበባ ብርድ ነው" አለች። ብርዱ አልነበረም፤ ከፍታው ነው። ድሬዳዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ። ኦክስጅን ሲሳሳ የሳንባ ቧንቧዎች ይጠባሉ። ጤነኛ ሰው አይታወቀውም። እሷ ግን ከአልጋዋ ሽንት ቤት ለመድረስ ሁለቴ ትቆም ነበር። በሲቲ ስካን የተዘጉት ቧንቧዎች ታዩ። ሦስት ወር ሙሉ ደም ማቅጠኛ ወስዳም አልተከፈቱም።

በኋላ ቱቦ በደም ሥሯ አስገብተው ሲለኩት አማካይ ግፊቱ 54 ነበር። የጤነኛ ሰው ዕረፍት ላይ 14 አካባቢ ነው። እንደ ፈረንጆቹ እስከ 2018 ድረስ በሽታ የሚባለው 25 ሲደርስ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ከ20 ሲያልፍ ሆኗል። ይሄን 20 ቁጥር ያዙልኝ፣ እመለስበታለሁ።

እስከ ቀዶ ሕክምናው ሲልደናፊል ታዘዘላት። አዎ፣ ያው ቫያግራ ተብሎ የሚታወቀው። የሳንባን ቧንቧ ስለሚያላላ እንደ ፈረንጆቹ ከ2005 ጀምሮ በሌላ ስም ለሳንባ ግፊትም ተፈቅዷል። ለእሷ ዓይነት በሽታ ተብሎ የተፈቀደው ሪዮሲጓት ግን ዋጋው የሚቀመስ አልነበረም። ሐኪሟ ባለ 50 ሚሊግራሙን ሲልደናፊል ለሁለት እየከፈለች በቀን ሦስት ጊዜ እንድትወስድ አዘዛት። መድኃኒቱን የሚገዛው የ19 ዓመት ልጇ ነው። የመጀመሪያው ፋርማሲ ውስጥ የነበረው ሰው ማዘዣውን አይቶ፣ ልጁን አይቶ፣ "በወር 45 ፍሬ? ጎበዝ!" አለው። የቆሙት ሁሉ ሳቁ። ልጁ ከዚያ ቀን ወዲያ ሰፈር ውስጥ አልገዛም። ማንም እሱን ወደማያውቅበት ሰፈር፣ ወደ ሳቢያን፣ በባጃጅ እየሄደ ይገዛ ነበር። "ለእናቴ ነው" ማለት ደግሞ የበለጠ አሳፈረው። እቴቴ ይሄን የሰማችው ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ነው።

ቀዶ ሕክምናው ሕንድ ነበር። ገንዘቡ ከየት መጣ የሚለው የጉዳዩ ዋና ክፍል ስለሆነ በደንብ ልንገራችሁ። የእሷ ዕቁብ ቀድሞ ወጣላት። ቀፊራ ያሉ ነጋዴዎች ሱቅ ለሱቅ ዞረው አዋጡ። ሐረር ያለችው እናቷ ያለችበት አፎቻ (የመረዳጃ ማኅበር) ሴቶች አዋጡ። ውጭ አገር ያሉ የሰፈር ልጆች ላኩ። ባጃጅ ሹፌሮች አንድ ቀን የሠሩትን ሰጡ። ፎቶዋ ስልክ ለስልክ ዞረ፤ ኦክስጅን አፍንጫዋ ላይ ተሰክቶ፣ ከንፈሯ ጠቁሮ። የቀረውን ተበደረች።

ያኔ ወንድሟ "ይሄ ሁሉ ብር ወጥቶ ባይሳካስ?" ብሎ ጠይቆኝ ነበር። ያልኩት ይሄን ነው፦ በአውሮፓና በካናዳ 679 እንዲህ ዓይነት ሕሙማንን የተከታተለ መዝገብ አለ፤ ከሦስት ዓመት በኋላ ቀዶ ሕክምና ከተደረገላቸው 89 ከመቶው በሕይወት ነበሩ፣ ካልተደረገላቸው 70 ከመቶው። ሁለቱ ቡድኖች ከመነሻው አንድ ዓይነት ሰዎች ስላልሆኑ ልዩነቱ ሁሉ የቢላው አይደለም። ወንድሟ ግን ቁጥሩን ሰምቶ ተነሳ።

ሥራው ራሱ ይገርማል። ደረት ይከፈታል። የሰውነት ሙቀት ወደ 20 ዲግሪ ይወርዳል። (ይሄን ስነግራት "ድሬ ለተወለደ ሰው እሱ ብቻውን ይገላል" አለችኝ።) ከዚያ የደም ዝውውሩ ለአጭር ጊዜ፣ በአንድ ጎን እስከ 20 ደቂቃ፣ ሙሉ በሙሉ ይቆማል። ሐኪሙ በእነዚያ ደቂቃዎች ውስጥ ጠባሳውን ከቧንቧው ውስጠኛ ግድግዳ ልጦ ያወጣዋል። የወጣው ነገር ፎቶ ልጇ ስልክ ላይ አለ። የዛፍ ቅርንጫፍ ይመስላል።

ግፊቱ ከ54 ወደ 26 ወረደ። ኦክስጅኑ ተነቀለ። ድሬዳዋ ስትደርስ አውሮፕላን ማረፊያው በሰው ተሞልቶ ነበር። ብዙ ጊዜ እንዲህ ያለ ታሪክ እዚህ ጋ ያልቃል።

ከዓመት በኋላ ያየኋት

ቤቷ ገባሁ። በሩ አጠገብ ፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀምጣለች። የጠዋቱም ወንበር እሱ፣ የማታውም እሱ። ሱቁን እህቷ ይዛዋለች። ቡና የምታፈላው ልጇ ናት። ውሃ እንኳ ሄዳ አትቀዳም፤ ይቀርብላታል። "እንዴት ነሽ?" ስላት "ተመስገን፣ ደህና ነኝ" አለች፣ በአንድ ትንፋሽ። ቀጥላ ደግሞ "ምን እሠራለሁ ብለሽ ነው የማልሆነው?" አለችኝ።

ስድስት ደቂቃ የሚባል የእግር ጉዞ ምርመራ አለ። ሰው በስድስት ደቂቃ ውስጥ ስንት ሜትር ይሄዳል የሚለውን ይለካል። 30 ሜትሩን የለካነው ከሱቋ ባመጣናት የጨርቅ ሜትር ነው፤ አንድ ባዶ በረንዳ ላይ፣ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ሙቀቱ ሳይነሳ። ከቀዶ ሕክምናው በፊት 210 ሜትር ነበር። ከቀዶ ሕክምናው ሦስት ወር በኋላ 340። ከዓመት በኋላስ? 345። ቧንቧው ከተከፈተ ዘጠኝ ወር ጨምራ አምስት ሜትር ብቻ። ምንድነው የያዛት?

መጠይቅም ሞላን። ኤምፋሲስ 10 ይባላል። በእንግሊዝ አገር ለዚሁ በሽታ የተዘጋጀ፣ አሥር ጥያቄ ያለው። እያንዳንዱ ከ0 እስከ 5፣ ድምሩ እስከ 50፤ ከፍ ባለ ቁጥር ኑሮ ከፍቷል ማለት ነው። ወደ አማርኛ የመለስኩት እኔው ነኝ፣ በአፌ። ስለዚህ ቁጥሩን ከራሷ ቁጥር ጋር እንጂ ከሌላ ሰው ጋር አላነጻጽርም። አንዱ ጥያቄ ደረጃ ስለመውጣት ነው። እቴቴ ቤት ደረጃ የለም፣ ሱቋም የለውም። አብዛኛው የመጋላ ሰው ኑሮው መሬት ላይ ነው። "ከደቻቱ አሸዋ ወደ አስፋልቱ ስትወጪስ?" ብዬ ቀየርኩት። ደቻቱ ክረምት ላይ እንደ 1998ቱ ጎርፍ ሆኖ ሰው የሚያስለቅስ ወንዝ ነው፤ በጋውን ግን አሸዋ ነው፣ ሰው አቋርጦት ይሄዳል። "ደቻቱን ካየሁት ሁለት ዓመት ሆነኝ" አለች።

ከቀዶ ሕክምናው በፊት 44 ነበረች። ከዓመት በኋላ 31። ከፍተኛ ነጥብ ያስመዘገበችው ትንፋሽ ላይ አልነበረም። አንደኛው "ለሌሎች ሸክም እንደሆንኩ ይሰማኛል" የሚለው ነው፤ 5 ሰጠችው። ሌላው ሰው መሃል በራስ መተማመን የሚለው ነው፤ እሱም 5።

ይሄኛው አልገባኝም ነበር። ቀፊራ ያደገች ሴት ሰው ትፈራለች? አስረዳችኝ። ከሕንድ በተመለሰች በአምስተኛው ወር ጓደኛዋ ቤት በርጫ ላይ ተቀመጠች። አልቃመችም። ሐኪሟ ከልክሏታል፤ ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን የአምፌታሚን ዘመድ ነው፣ ልብን ያስሮጣል። ሻይ ይዛ ወሬ ለመስማት ብቻ ነው የተቀመጠችው። በማግሥቱ ቀፊራ የተወራው "በእኛ መዋጮ ታክማ ጫት ቤት ተጎለተች" የሚል ነበር። አንድ ቀን አዲስ ሻሽ አሰረች፤ "የተረፈ ብር አለ ማለት ነው" ተባለ። ያዋጣ ሰው ሁሉ ደግ ነው። ግን ያዋጣ ሰው ሁሉ ደግሞ ትንሽ ባለቤት ነው። "ሳንባዬ የአክሲዮን ነው" አለችኝ። እየሳቀች ነው ያለችው፤ ዓይኗ ግን አልሳቀም።

እውነቱን ለመናገር የነርስ ትምህርት ቤት ይሄን አላስተማረኝም።

ሌላም ነገር ተገኘ፤ ይሄኛው የእኔ ሙያ ነበር፣ አመለጠኝ። ዋርፋሪን ዕድሜ ልኳን ትወስዳለች፣ ደም እንዳይረጋ። የደም ቅጥነቱ አይ ኤን አር በሚባል ምርመራ ይለካል፣ ከ2 እስከ 3 መሆን አለበት። ስለ ጎመን አውርተናል፤ የዋርፋሪንን ሥራ ይነካል። እናቷ "አረንጓዴ ክልክል ነው" ብላ ጎመን ከቤት አባርራ ነበር፤ ደንቡ ግን መከልከል አይደለም፣ መጠኑን ሳይለዋውጡ መብላት ነው። አንድ ወር ትቶ በአንዱ ሳምንት ድስት ሙሉ መብላት ነው ችግሩ። ስለ ሕመም ማስታገሻው ዳይክሎፌናክም አውርተናል፤ ጥርሷን ቢያማት እንኳ እንዳትነካው። ስለ ወር አበባዋ ግን ማናችንም አላወራንም። እኔ አልጠየቅሁም፣ ሐኪሞቹ ወንዶች ናቸው፣ እሷም ዝም አለች። ዋርፋሪን ከጀመረች ወዲህ በየወሩ ዘጠኝ ቀን ይፈሳት ነበር። ደሟ ሲለካ በጣም ወርዷል። ያ ድካምና የልብ ምት የሳንባ ብቻ አልነበረም፤ ደም ማነስ ነው። ብረት ተጀመረላት፣ የማህፀን ሐኪም አየቻት። በሁለት ወር ውስጥ ፊቷ መልክ ያዘ። የእናንተም እህት ወይም እናት ዋርፋሪን ላይ ካለች ይሄን ጠይቋት። እሷ አትነግራችሁም።

ወረቀቱ

ደም ማነሱ ከወንበሩ አላስነሳትም። ሌላ ነገር ነበር።

አንድ እሑድ ቤተሰቡ ተሰብስቦ ምሳ ላይ ነን። እቴቴ ድስቱን ልታነሳ ስትል አራት ሰው ጮኸባት። "ሕንዶቹ ምን አሉ? ከባድ አታንሺ አላሉም?" አለች እህቷ። እኔ ደግሞ፣ ማወቅ ያለብኝ ሰው፣ "ጥንቃቄ አይከፋም" አልኩ። ከጎረቤት ጋር መጣላት አልፈለግሁም። በዓመቱ ውስጥ ይሄን ስንት ጊዜ እንዳልኩት አልቆጠርኩም።

ልጇ ተነሳና ከሕንድ የመጣውን ፋይል አወጣ። ከሆስፒታል ስትወጣ የተሰጣት ወረቀት በእንግሊዝኛ ነው፤ ዓመት ሙሉ ማንም ዳግም አላነበበውም። ጮክ ብሎ ተረጎመው፦ "የደረት አጥንቱ እስኪገጥም ለ12 ሳምንት ከ5 ኪሎ በላይ አታንሺ።" ከሥሩ ደግሞ፦ "በየቀኑ በእግር መሄድ፣ ርቀቱን ቀስ በቀስ መጨመር።"

ቤቱ ጸጥ አለ።

"12 ሳምንት ስንት ወር ነው?" አለች እቴቴ።

"ሦስት" አላት።

"አቦ! ዓመት ከሁለት ወር ነው እኮ!"

ሳቅን፣ ግን እናቷ አለቀሰች። ፍርሃቷ ገብቶኛል። ልጇ ከንፈሯ ጠቁሮ ያየች እናት ወረቀት አያሳምናትም። ማታ ማታ ልጁ ስልኩን ይዞ እናቱ እግር ሥር ነበር የሚተኛው፤ ትንፋሽዋን ሊሰማ። እቴቴም ብትሆን ልቧ ድው ባለ ቁጥር "ተመለሰ" ብላ ትነሳ ነበር። ያ ፍርሃት በቢላ አይላጥም።

ሐኪሟን በስልክ አማከርን። ኢኮ ታየች፣ ፈቀደ። እንዲህ ነው የሄድንበት። በየጠዋቱ ከ12 ሰዓት በፊት ከመጋላ ተነስተን የደቻቱን ድልድይ ተሻግረን ከዚራ። ከዚራ ዛፍ አለው፣ መንገዱ ሜዳ ነው። መጀመሪያ አሥር ደቂቃ። ማውራት እስከቻለች ትሄዳለች፤ ወሬዋ ከተቆረጠ እናርፋለን። ለእሷ የሚሆን ከዚህ የተሻለ መለኪያ የለም። ራሷን ካዞራት ወይም ደረቷን ከያዛት እናቆማለን። በሦስተኛው ሳምንት ድልድዩን ትተን በአሸዋው ተሻገርን። አስፋልቱ ላይ ስትወጣ እጄን ልሰጣት ስል መታችው።

ግንቦት ላይ ወደቀች። ድሬ በግንቦትና በሰኔ ከ35 ዲግሪ በላይ ናት፤ እሷ ደግሞ ላሲክስ ትወስዳለች፣ ውሃ የሚያሸና ኪኒን። ላቡም ኪኒኑም ውሃዋን አወጡት፤ ሱቋ በር ላይ ዞሮባት ተቀመጠች። ሰፈሩ "ይኸው!" አለ። ወደ ወንበሩ ልትመለስ ትንሽ ነው የቀራት። ሐኪሟ የኪኒኑን መጠን ቀነሰ። ከዚያ ወዲህ በየጠዋቱ ትመዘናለች፣ ሱቋ ፊት ለፊት ባለው ሽንኩርት ሻጭ ባስኩል ላይ። በሁለት በሦስት ቀን ሁለት ኪሎ ከጨመረች ውሃ እየያዘች ነው፣ ትደውላለች። ቶሎ ከቀነሰች ደርቃለች፣ ያኔም ትደውላለች። ሽንኩርት ሻጩ ኪሎዋን ለገበያው ሁሉ ጮክ ብሎ ይናገራል። እሷም ትሰድበዋለች።

ሱቋ የተመለሰችው በግማሽ ቀን ነው፣ ጠዋት ጠዋት። ቦንዳ አታነሳም፣ እሱን ልጇ ያወርደዋል። ስለ መዋጮው ደግሞ ራሷ መላ አመጣች፤ እኔ አላማከርኳትም። ያዋጡትን ነጋዴዎች አንድ በአንድ ሱቃቸው ድረስ እየሄደች "ስንት ነበር የሰጠኸኝ? ልመልስ መጥቻለሁ" ትላለች። አብዛኞቹ ተቆጡ፤ "ለበጎ የሰጠነውን!" ብለው ማሉ። "እንግዲያው ሻሼን አትቁጠርብኝ" ትላቸዋለች። ሦስቱ ብራቸውን ተቀበሉ። ከእነዚያ ከሦስቱ ጋር አሁን የበለጠ ትግባባለች፤ "ሂሳባችን የተዘጋ ነው" ትላለች።

ከአራት ወር በኋላ በዚያችው የጨርቅ ሜትር ለካን፦ 430 ሜትር። መጠይቁ ደግሞ 17። ሸክም ነኝ የሚለው ግን 3 ላይ ቀርቷል፤ ብድሩ አላለቀም፣ መድኃኒቱም አያልቅም። ሲልደናፊሉም አልቆመም፤ ግፊቱ 26 ነው፣ ከ20 በላይ። ወረቀት ላይ አሁንም ሕመምተኛ ናት። ልጇ ግን አሁን ሰፈር ውስጥ ካለ ፋርማሲ ይገዛል። አብራው የሄደችው እሷው ናት። መስኮቱ ላይ ማዘዣውን አስቀምጣ፣ ተራ የሚጠብቀው ሁሉ እየሰማ፣ "ለእኔ ነው፣ ለሳንባዬ፣ የሚስቅ ካለ ይሳቅ" ብላለች።

ባለፈው ጊዜ ሐረር የዘመድ ሰርግ ነበር። ሐረር 1,885 ሜትር ላይ ናት፤ መንገዱ በደንገጎ ዳገት ይወጣል። ከመታመሟ ወዲህ እናቷ ናት ወደ ድሬ የምትወርደው። ሐኪሟን ጠይቀን ሄድን። ደንገጎን ስንወጣ ቤተሰቡ ሁሉ ከንፈሯን ያያል። "መስታወት ሆንኩ እንዴ?" አለች። ጀጎል ውስጥ ጠባቧን ዳገት ሁለት ጊዜ ቆማ ወጣች። እናቷ ቤት ደርሳ ከፍ ያለው መደብ ላይ ወጥታ ተቀመጠች።

ስንመለስ መሽቷል። ሚኒባሱ አወረደንና ባጃጅ ያዝን። ሰፈራችን ስንደርስ የባጃጁ ሹፌር ከተስማማነው በላይ ጠየቀ። እቴቴ ወረደች። ጀመረችው። እናቱን አነሳች፣ ነዳጁን አነሳች፣ ድሬ ላይ እንዲህ ዓይነት ሌብነት መቼ እንደገባ ጠየቀች፣ በኦሮምኛ ደገመችው፣ እግሯን የሰበራት ባጃጅ የእሱ ወንድም እንደሚሆን ተናገረች። እኔና ልጇ ጥግ ቆመን ተያየን። እሱ ስልኩን አውጥቶ ሰዓት ይይዛል።

"አራት ደቂቃ ከሃያ" አለኝ በሹክሹክታ። "አላቆመችም።"

ባጃጁ የራሱን ብር ሳይቀበል ሄደ። እሷ ከኋላው "ና ውሰድ!" እያለች ትጣራ ነበር።